የቀበሌያችን ደረጃና የስኳሩ በር

በደሉ ይህ ነው፤ አስቀድሜ ልናገረውና ልቤ ይረፍ። በደርግ ጊዜ ለቀበሌያችን አዳራሽ ደረጃ ተሠራለት፤ ደረጃውን መውጣት የማይችል ሰው ደግሞ በቀበሌው እንደሌለ ተቆጠረ። ዋርሳዬ መሪጌታ ጥበቡ ደረጃ መውጣት ባለመቻላቸው ብቻ ቤታቸውን ሊነጠቁ ነበር። ሌላ ጥፋት አልነበረባቸውም። ማለቴ፣ ሌላ ጥፋትስ ሞልቷቸዋል፤ ግን ቤት የሚያስነጥቅ አልነበረም።

ባሕር ዳርን የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ ከተማችን እንደ መዳፍ የተዘረጋች ሜዳ ናት። ብስክሌት የማይነዳ የለም፤ ዳገት የሚባል ነገር ስለሌለ ብስክሌተኛው ሁሉ ጉልበተኛ ይመስላል። ዳገት ያማረው ሰው እስከ እንፍራንዝ መሄድ አለበት። እግዜር እንዲህ ደልድሎ የሰጠንን አገር የቀበሌያችን መሪዎች ዞረው አዩና አንድ ነገር ጎድሎታል አሉ፤ ዳገት። እሱንም ከድንጋይና ከሲሚንቶ ሠሩልን።

እርከኑ ስንት እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ። ለመቁጠር ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ያለችኝን ትንፋሽ ለመውጣት ነበር የምፈልጋት። የእጅ መያዣ የለውም። በግራ የወደቀ የጥበቃው ጎመን መደብ ላይ ያርፋል፣ በቀኝ የወደቀ ጥበቃው ላይ። አንዱ እርከን አጭር፣ አንዱ ረጅም ነው፤ ግንበኛው መሐል መሐል ላይ ምሳውን እየበላ የሠራው ይመስላል።

አዳራሹ የተመረቀ ቀን ሊቀመንበሩ ከላይ ቆሞ፣ «ይህ አዳራሽ የሰፊው ሕዝብ ስለሆነ ከፍ ብሎ መታየት አለበት» አለ። እኔ እጄን አወጣሁ። እጅ ማውጣት ከልጅነቴ ጀምሮ ያለብኝ በሽታ ነው፤ ሌላው ሰው ሲያስነጥሰው እኔ እጄን አወጣለሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ደረጃ የማይወጣ ሰው በየት ይግባ?» አልሁ።

«ታግሎ ይወጣል፣ እማማ» አለና አስጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ። ያኔ ሲጨበጨብ አለማጨብጨብ ከደረጃ ከመውደቅ የባሰ ነበር።

ስለ ሊቀመንበሩ ክፉ መናገር አልፈልግም፤ እናቱ የሺ የጽዋ ማኅበርተኛዬ ናት። እሱ ሥልጣን ላይ የወጣ ሰሞን የእሷ ጉልበት ወረደ። ከዚያ ወዲህ ከቤቷ ደጃፍ አትርቅም፤ ልጇ ሲናገርም አንድ ቀን ሰምታው አታውቅም። ልጠይቃት በሄድሁ ቁጥር፣ «ልጄ ሲናገር ሕዝቡ ጸጥ ይላል አሉ፤ እስቲ ንግግሩ እንዴት ነው?» ትለኛለች።

«ረጅም ነው» እላታለሁ።

«አባቱን ነዋ» ትላለች ደስ ብሏት፤ ቁመቱን የነገርኋት ይመስላታል። እኔም አላርማትም። የእናትን ደስታ ማረም ኃጢአት ነው።

አሁን ወደ መሪጌታ ልመለስ። መሪጌታ ጥበቡ የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከደቅ ደሴት መጥተው ስንት ደብተራ ዜማ አስተምረው ሲያበቁ፣ አንድ ክረምት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አዳለጣቸውና ወገባቸውን ተጎዱ። ከዚያ ወዲህ እግራቸው አልታዘዝ አለ። ምላሳቸው ግን ከወትሮው ጠነከረ፤ የእግራቸው ጉልበት ወደዚያው የሄደ ይመስለኛል። የሚኖሩባት የቀበሌ ቤት አንዲት ክፍል ናት፤ ከእኔ ቤት የሚለያት አንድ ግድግዳ ነው። ደጃፏ ወደ ጣና ነው። ጠዋት ጠዋት በርጩማቸው ላይ እናወጣቸዋለን። ታንኳ ቀዛፊዎቹ ከውሃው ላይ ሆነው፣ «መሪጌታ፣ እንደምን አደሩ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም እዚያው ተቀምጠው፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ከደረቀ ውሃ እንደሚጠጣ፣ የሰነፍ ታንኳ ከዓሣው ቀድሞ እንደሚሰጥም እያስተማሩ ባሕሩን ያስተዳድራሉ። ታንኳ ሠርተው አያውቁም። ያችን ደጃፍ ቢነጠቁ ግን ምን ይቀራቸዋል? አንድ የዘመድ ቤት ጥግ እንደ ዕቃ ይወሸቃሉ። እኔስ ብሆን ቀኑን ሙሉ በግድግዳው እየተሰዳደብን የምንውለው ከእሳቸው ጋር ነው። ሌላ ሰው ቢገባበት ስድቤን ከየት እጀምረዋለሁ?

ነገሩ የተጀመረው በድምፅ ማጉያ ነው። የቀበሌ ቤት የያዘ ሁሉ እሑድ በአዳራሹ ስብሰባ በአካል እንዲቀርብ፣ ያልቀረበ ሰው ቤቱ ለሌላ እንደሚሰጥ ተለፈፈ። እኔ ወደ ጸሐፊው ሄድሁ።

«ስለ መሪጌታ እኔ እቀርባለሁ» አልሁት።

«ወኪል አይቻልም።»

«እንግዲያው እናንተ ኑና እዩዋቸው። ቅርብ ነው፤ ከዚህ ሆኜ ብሰድባቸው ይሰሙኛል።»

«ቀበሌ ወደ ሰው አይሄድም፣ እማማ። ሰው ነው ወደ ቀበሌ የሚመጣው።»

ሰው ለመያዝ ጊዜማ ቤታችንን ታውቁታላችሁ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ምላሴን ነክሼ ዋጥሁት። ያኔ ምላሳቸውን የማይነክሱ ሰዎች ብዙ አልነበሩም። የነበሩትም የት እንደ ደረሱ አላውቅም።

«በአካል ማለት በአካል ነው» ብሎ ጨረሰ።

እንግዲህ አካሉን ማድረስ የእኔ ሥራ ሆነ። ቅዳሜ ዕለት ለሙከራ ከገበያ አንድ ደንዳና ተሸካሚ አመጣሁ። መሪጌታን አዝሎ ደረጃው ሥር እስኪደርስ ድረስ ነገሩ ሠርግ ይመስል ነበር። መውጣት ሲጀምር መሪጌታ ከጀርባው ላይ ሆነው መምራት ጀመሩ።

«ቀስ በል፤ እኔ የጤፍ ጆንያ አይደለሁም።»

«ጤፍማ ዝም ይላል» አለ ተሸካሚው።

ግማሹ ላይ ሲደርስ ቆመ። «መሪጌታ፣ ወይ እርስዎ ይውረዱ፣ ወይ ሁለታችንም መውደቃችን ነው» አለ።

«እኔ መውረድ ብችል መቼ አንተ ላይ እወጣ ነበር?»

ተመለሱ። ጥምጣማቸው ጎመኑ ላይ ወድቆ ቀረና ጥበቃው በጠመንጃው አፈሙዝ አንጠልጥሎ አመጣልን።

በቅሎም ሞክረናል። የአንበሳሜ ነጋዴ የሆነ ዘመዴ ለገበያ መጥቶ ነበርና በቅሎውን ተዋስሁ። በቅሎዋ ደረጃውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ፊቷን አዞረች። በዚያ ቀበሌ አስተዋይ ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

እሑድ ጠዋት የቀረኝ ቃሬዛ ብቻ ነበር። ከእድራችን ቤት ተዋስሁ፤ አራት ጎረምሶችም ለመንሁ። መሪጌታን አጋደምናቸው። «ፊቴን ሸፍኚኝ፤ መንገደኛ ሁሉ ሲያየኝ አልወድም» አሉኝ። በጋቢያቸው ሸፈንኋቸው። ወጣን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔ ስጣደፍ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሼ ኖሯል። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን እንደሆነ የማያውቅ የለም። በዚያ ላይ ጎረምሶቹ እንደ ብስክሌት ይሮጡ ነበርና እጄን ራሴ ላይ አድርጌ፣ «ወዮ፣ ወዮ፣ ቀስ በሉ» እያልሁ እከተላለሁ። እስቲ አስቡት። ቃሬዛ ላይ የተሸፈነ ሽማግሌ፣ ከኋላው ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወዮ የምትል አሮጊት። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

መንገድ ዳር ያለችው ዓሣ ሻጭ ቃሬዛውን አየችና ዓሣዋን ጥላ ተነሣች። «ወይኔ መሪጌታን» ብላ ደረቷን ትደቃ ጀመር።

«አልሞቱም፣ አንቺ ሴት» አልኋት።

«እውነትሽን ነው፤ እንደሳቸው ያለ ሰው አይሞትም» አለችና ከበፊቱ አብልጣ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ማንንም ሳያስፈቅድ ጥሩምባውን ነፋ። ዘንባባው ሥር የቆሙት ብስክሌተኞች ወርደው ብስክሌታቸውን እየገፉ ተከተሉ። ከፋብሪካ የሚመለሱ ሠራተኞች ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተሰለፉ፤ ከወለጋ የመጣው፣ ከሐረር የመጣው ሁሉ፣ መሪጌታን አይቷቸው የማያውቅ ሁሉ አንገቱን ደፋ። በአገራችን አስከሬን አይቶ ጥቂት ሳይሸኝ የሚያልፍ የለም። ሰው በሕይወት ሳለ ደረጃ ለማውጣት አራት ሰው ስለምኜ ነበር ያገኘሁት፤ ሲሞት ግን ከተማው ሁሉ ወጣ።

ከጋቢው ሥር ድምፅ ሰማሁ። «ምንድን ነው ጫጫታው?»

«ሞተዋል እየተባለ ነው።»

ጋቢው ነቅነቅ አለ። «ማን ማን መጥቷል?»

«ያልመጣ የለም።»

«አለቃ ምሕረቱስ?»

አለቃ ምሕረቱ የዜማ ባልንጀራቸው ናቸው፤ ባልንጀራ ስል ከወጣትነታቸው ጀምሮ አንድም ቀን ተስማምተው አያውቁም። «አሉ። መነጽራቸውን እያወለቁ ያብሳሉ» አልኋቸው።

«በይ እንግዲያው ዝም በይ። እስቲ ምን እንደሚለኝ ልስማ።»

መስቀለኛው መንገድ ላይ ስንደርስ ሕዝቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን ታጠፈ፤ ቃሬዛው ወደ ቀበሌ። ሁሉም ቆመ።

«ወዴት ነው? መቃብሩ በዚህ ነው እኮ» አለኝ ጥሩምባ ነፊው።

«ወደ ቀበሌ ነው የምንሄደው» አልሁ።

አንድ ብስክሌተኛ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለሙታንም ይለፍ ወረቀት ተጀመረ እንዴ?» አለ። ማንም አልሳቀም። እንዲያውም አንዱ፣ «እኔማ ቀደም ብዬ ሰምቻለሁ» አለና ሕዝቡ ሁሉ በደንብ የታወቀ ነገር እንደሆነ ያህል አንገቱን ነቅንቆ ወደ ቀበሌ ተከተለን።

ደረጃው ሥር ቃሬዛውን አሳረፍን። ሰው ዙሪያውን ከቦ ስለ ሟች ይናገር ጀመር። አንዷ ደግነታቸውን፣ አንዱ ጨዋታቸውን አነሣ። ጋቢው በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ደስ ብሏቸዋል። በመጨረሻ አለቃ ምሕረቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ታላቅ ሰው ነበሩ» አሉ። «ዜማ ላይ አልፎ አልፎ ይስቱ ነበር እንጂ።»

ጋቢው ተገለጠ። መሪጌታ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «የት ላይ ነው የሳትሁት? አሁኑኑ ንገረኝ፤ የት ላይ?»

ስለ መጨረሻው ቀን ትንሣኤ የሚሰብኩ ሁሉ ያን ቀን ቢያዩ ጥሩ ነበር። ብስክሌት በብስክሌት ላይ ወደቀ። ጥበቃው ከነጠመንጃው ጎመኑ ውስጥ ገባ። ዓሣ ሻጯ ጉልበቴን ያመኛል እያለች ከስብሰባ ሁሉ የምትቀር ሴት ናት፤ ደረጃውን እንደ ፍየል ወጥታ ላይ ደረሰች። ያልሸሹት አለቃ ምሕረቱ ብቻ ናቸው። «ባለፈው ለጥምቀት» ብለው መለሱ።

በዚህ መሐል ሊቀመንበሩ ከአዳራሹ ወጥቶ ደረጃው አናት ላይ ቆመ።

«ይህ ምን ሰልፍ ነው? ማን ፈቀደው?»

ሰልፍ የሚለው ቃል ያኔ ቀላል ቃል አልነበረም። ግማሹ ሕዝብ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ብስክሌቱን መጠገን ጀመረ፤ ብስክሌት የሌለውም አብሮ ጎንበስ አለ።

«ሰልፍ አይደለም» አልሁ። «በአካል ቅረቡ ብላችኋል። አካሉ ይኸው።»

«ሞተዋል አይደል እንዴ የተባለው?»

«ሞቼ ነበር፤ ቤትህን ለሌላ ሊሰጡት ነው ሲሉኝ ተመለስሁ» አሉ መሪጌታ።

ሊቀመንበሩ ሊስቅ ነበር፤ ፊቱን አይቻለሁ። ግን ሥልጣን ላይ ያለ ሰው በደረጃ ላይ ቆሞ አይስቅም። «መመሪያው አዳራሽ ውስጥ ነው የሚለው» አለ። «ስም ሲጠራ ውስጥ ያልተገኘ እንደሌለ ይቆጠራል።» ገባ። ወዲያው የጸሐፊው ድምፅ በመስኮቱ ይሰማን ጀመር።

ስም የሚጠራው በፊደል ተራ ነበር። እኔ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርሁት ለዚያች ቀን ይመስለኛል። ጥበቡ በጠ ነው፤ ጠ ደግሞ ሩቅ ናት። «ገና ለ ላይ ነው፤ አንሡ» አልሁ።

አነሡ። ደረጃው ሽቅብ ስለሆነ ቃሬዛውም አዘነበለ። የፊቶቹ የመሪጌታን እግር ይዘው ቀደሙ፣ የኋለኞቹ ራሳቸውን ይዘው ቀሩ። መሪጌታ ወደ ታች መንሸራተት ጀመሩ።

«እግሬን ወደ መንግሥተ ሰማያት፣ ራሴን ወደ ሲኦል ነው የያዛችሁት» ብለው ጮኹ።

«በ ላይ ደርሷል» አልሁ እኔ።

ጎረምሶቹ እንደ ምንም ላይ ደረሱ። ግን በሩ ፊት ለፊት አይደለም፤ ወደ ጎን መታጠፍ አለበት። መታጠፊያው ጠባብ፣ ቃሬዛው ረጅም። በእግር በኩል ሲሞክሩ ራስ ከደረጃው ውጭ ጎመኑ ላይ ተንጠለጠለ፤ በራስ በኩል ሲሞክሩ እግር። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው በግእዝ ይጸልያሉ፤ በየመሐሉ በአማርኛ ይሳደባሉ። መልሰን አወረድናቸው።

«ከ ላይ ነን» አልሁ። አሁን ቀልድ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ከባሕሩ ዳር ያ በርጩማ ባዶውን ታየኝ።

ያን ጊዜ ነው ጋሪው የመጣው። ስኳር የጫነ ጋሪ። በፈረስ እየተጎተተ መጣና ደረጃው ፊት ሳይቆም በአዳራሹ ጎን ዞሮ ተሰወረ። እኔ ደግሞ ወሬ ሲያልፈኝ አልወድም፤ ተከተልሁት።

ከአዳራሹ ጀርባ የኅብረት ሱቁ መጋዘን አለ። ከመንገዱ እስከ መጋዘኑ በር ድረስ በድንጋይና በአፈር የተደለደለ፣ ለስለስ ያለ ተዳፋት ተሠርቷል። ፈረሱ ሳይቸኩል ወጣ፤ ጋሪው ተከተለው፤ በሩ ሰፊ ነው፤ ስኳሩ ገባ። አለቀ። ማንም ታግለህ ውጣ አላለውም።

እዚያው ቆሜ አሰብሁ። ስኳር ቢወድቅ ይፈሳል፤ ከፈሰሰ ይጠየቁበታል። ስለዚህ ተጠነቀቁለት። ሰው ግን ቢወድቅ በራሱ ጥፋት ነው። ይህን ሳስብ ጉልበቴ ተመለሰ፤ እኔን ብስጭት ከስኳር ይበልጥ ያበረታኛል።

«በዚህ አምጧቸው» ብዬ ጮኽሁ።

መጋዘን ጠባቂው እጁን ዘርግቶ በሩ ላይ ቆመ። «እማማ፣ ይህ የዕቃ በር ነው። ሰው አይገባበትም።»

«ዕቃ ነው» አልሁት።

«ምን ዕቃ?»

ከቃሬዛው ላይ መሪጌታ መለሱ። «አንድ ኩንታል መሪጌታ። ያልተፈጨ።»

ሰውዬው ሳቀ። የሳቀ ሰው ግማሹን በር ከፍቷል ማለት ነው፤ ግማሹን እኔ በክርኔ ከፈትሁት። በጆንያዎቹ መሐል አለፍን። በመጋዘኑ ጫፍ ወደ አዳራሹ የሚያስገባ ሌላ በር አለ፤ ሊቀመንበሩ ከሚቀመጥበት መድረክ ጀርባ ነው የሚወጣው።

«መሪጌታ ጥበቡ» አለ ጸሐፊው።

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ደረጃው በር ዞረ። በሩ ባዶ ነው።

«አልቀረቡም» አለ ሊቀመንበሩ። «እንግዲህ ቤቱ...»

«አለሁ» አሉ መሪጌታ ከጆሮው ሥር።

በንግግር አይደለም፤ በዜማ ነው ያሉት። እንደ ጥንቱ፣ እንደ ቅኔ ማሕሌቱ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ አድርገው አንዷን ቃል አዳራሹን አስዞሯት። ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ዘለለ፤ የውሃው ብርጭቆ ጸሐፊው ላይ ፈሰሰ። አለቃ ምሕረቱ በፊት በር ገብተው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና፣ «ይህችስ ደህና ናት» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አጨብጭቡ ሳይባል የተጨበጨበ ጭብጨባ በዚያ አዳራሽ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቤታቸው ጸና። ብልህ ሴት ብሆን ኖሮ እዚያ ላይ ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። እኔ ግን እጄን አወጣሁ።

«ተዳፋቱ ለስኳር ከተፈቀደ ለሰው ለምን ይከለከላል? መሪጌታ ሁልጊዜ ስማቸው በተጠራ ቁጥር መሞት አለባቸው?»

«የዛሬው በልዩ ሁኔታ ነው» አለ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውን በመሐረብ እየጠረገ። «ለአንድ ሰው ተብሎ የአዳራሽ በር አይቀየርም። ሌላ በደረጃው የተቸገረ ሰው አለ? ካለ እጁን ያውጣ።»

ማንም እጁን አላወጣም። እኔም አፍሬ ተቀመጥሁ። ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን ሳጥፍ ነው የገባኝ። በደረጃው የተቸገረ ሰውማ እዚያ ምን ሊሠራ ይገኛል? ቤቱ ነው ያለው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ ቤት ለቤት ዞርሁ። ከጦር ግንባር አንድ እግሩን ትቶ በክራንች የተመለሰ ወታደር አገኘሁ፤ ሲጠሩት ይቀርና አኩራፊ ተብሎ ነበር። ዓይኗ የደከመ ሴት አገኘሁ። ወሯ የገባ እርጉዝ አገኘሁ። መሪጌታም ቃሬዛቸውን ይዘው እንደሚመጡ ነገሩኝ፤ ደግሞ እንደ መሞት የሚጣፍጥ ነገር የለም አሉኝ። በመጨረሻ እትዬ የሺ ዘንድ ሄድሁ።

«ልጅሽን ሲናገር መስማት ትፈልጊያለሽ?» አልኋት።

ጉልበቷን አየች። «ደረጃውስ?»

«አንቺ ብቻ የክት ልብስሽን ልበሺ።»

በስብሰባው ቀን መጋዘን ጠባቂው ሲያየን ራሱን ያዘ። «ዛሬ ደግሞ ምንድን ናችሁ?»

«ስኳር ነን» አልሁት።

«እኔ የሁለት ሰው ራሽን ነኝ» አለች እርጉዟ ሆዷን ይዛ።

«እኔ የጎደለ ኪሎ ነኝ» አለ ወታደሩ።

ገባን። ወንበር ስላልነበረ ከመጋዘኑ ጆንያ ጎትተን መድረኩ ኋላ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ሊቀመንበሩ ፊቱን ለሕዝቡ ሰጥቶ ንግግር ላይ ነበር፤ የሚታየን ማጅራቱ ነው። የሺ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አዳመጠች። መጀመሪያ ፈገግ አለች። ቆይታ አንገቷን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዘነበለች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አንተ ልጅ» አለች።

ሰዉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ጓድ ሊቀመንበሩን አንተ ልጅ የሚለው ሰው በከተማው አልነበረም።

«እናትህን በጀርባህ ነው የምትቀበላት?»

ዞረ። አያት። ንግግሩ መሐል ላይ ጠፋበት። በእኛ አገር ሥልጣን ብዙ ነገር ይፈቅዳል፤ ለእናት ጀርባ መስጠትን ግን አይፈቅድም። ወንበሩን አንሥቶ ወደ እኛ አዞረ። ያን ጊዜ የወዲያኛው ወገን፣ «እኛስ?» እያለ ያጉረመርም ጀመር። ወደ ጎን ዞረና ለግድግዳው ጥቂት ተናገረ። ግድግዳው አላጨበጨበም። በመጨረሻ ጠረጴዛውን ራሱ ጎትቶ አዞረው፤ ከፊት የነበረውም ሕዝብ ወንበሩን እየተሸከመ በእኛ በኩል መጥቶ ተቀመጠ። አሁን ደግሞ በደረጃው ወጥቶ አርፍዶ የሚገባው ሁሉ በሊቀመንበሩ ጀርባ ብቅ እያለ ሕዝቡ ሁሉ እሱን ያያል። አንዱ እንዲህ ገብቶ የሚሄድበት ጠፍቶት መድረኩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ጸሐፊውም ተናጋሪ መስሎት ስሙን ጠየቀው።

እኔ እጄን አወጣሁ። ሊቀመንበሩ ላለማየት ሞከረ፤ የሺ በጣቷ አሳየችው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አዳራሹ የተመረቀ ቀን የጠየቅሁት ጥያቄ አልተመለሰልኝም። ደረጃ የማይወጣ ሰው በየት ይግባ?»

እኔን አየ። ስኳሩ ላይ የተቀመጠችውን እናቱን አየ። ቃሬዛቸው ላይ በክርናቸው ደገፍ ብለው እንደ ንጉሥ የሚያዳምጡትን መሪጌታን አየ። ወደ ኋላው ዞሮ፣ መድረኩ ላይ ግራ ገብቶት የቆመውን ሰውዬ አየ። መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገ።

«እማማ፣ የፊቱ በር ይዘጋ» አለኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ሁላችንም በስኳሩ በር እንገባለን።»